ሳላነብ የፈረምኩላት ሎሬይን

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል። እኔ የቀናሁት ከደረጃ ሥር ባለች መስኮት የለሽ ክፍል ነው። ቀድሞ የወለል መጥረጊያ ማሽን የሚቀመጥባት ነበረች። እዚያ ውስጥ ሎሬይን ዳክስበሪ የምትባል ሴት አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጣለች፤ እኔም አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በሩን ባለፍኩ ቁጥር አንጀቴ ሲያር ኖሯል።

ሎሬይንና እኔ ሃውቶርን የአረጋውያን መኖሪያ የተቀጠርነው በአንድ ሰኞ ነው። ቤቱ ሞርካም በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ፣ ከባሕሩ ግንብ ፊት ለፊት ነው። ሁለታችንም ሠላሳ ዓመት አልሞላንም። ሠላሳ አንድ አዛውንት እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ እናበላለን። ምሳ ሰዓት ላይ ግንቡ ላይ እንቀመጣለን፤ እሷ አባቷ ከባሕር ያጠመደውን ሽሪምፕ በቅቤ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ዳቦውን እገዛለሁ። አንድ የፊት ጥርሷ ጠማማ ስለነበር ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። በየማለዳው ለጋብቻ የሚጠይቀኝ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ሎሬይን "ዛሬስ እሺ አልሽው ወይ?" ሳትለኝ ውላ አታውቅም። ከእህቴ አብልጬ እወዳት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያደረግኩትን ሰምታችሁ ድሮም ጠላቷ ነበረች እንዳትሉኝ ነው።

በዘጠነኛው ዓመት አንድ ከባድ ሰው ገንዳ ውስጥ ሊወድቅ ሲል ሎሬይን አልለቅም ብላ ያዘችው። ሰውየው ዳነ፤ የሷ ወገብ ግን ተቆረጠ። ሦስት ወር ተኝታ ስትመለስ አንድ ትራስ እንኳ ማንሳት አትችልም። የቤቱ ባለቤት ሚስተር ክሌግ ሊያባርራት አፍሮ ይመስለኛል፣ ማሽኑን ከደረጃው ሥር አስወጥቶ ጠረጴዛ አስገባላትና "በይ እንግዲህ መመሪያዎቹን ያዢ" አላት።

የመጦሪያ ቤት ያለ መመሪያ አይኖርም። እጅ እንዴት እንደሚታጠብ፣ መድኃኒት በማን እጅ እንደሚሰጥ፣ ሰው ሲወድቅ ማን እንደሚጠራ፣ ቅሬታ ለማን እንደሚነገር፣ ሁሉም ተጽፎ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ግርጌ የሚከለስበት ቀን አለ። ሕጉ ሲለወጥ ወረቀቱ ይለወጣል፤ አሮጌው ካለበት ተለቅሞ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ ሠራተኛው አንብቦ "አንብቤ ተረድቻለሁ" በሚለው ላይ ይፈርማል። ከሎሬይን በፊት ይህን የሚሠራ ሰው አልነበረም። ሚስተር ክሌግ ቀኑን ብቻ ሰርዞ አዲስ ቀን ይጽፍበት ነበር። አንዱ መመሪያ ላይ ድንገት ሰው ሲታመም እንዲጠራ የታዘዘው ሐኪም ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር።

መጀመሪያ ያስቀናኝ ወንበሯ ነው። ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ነበር። ከዚያ ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋ። ከዚያ የራሷ የሻይ ውሃ ማፍያ። እኔ ላይ ታች ስል እግሬ ያብጣል፣ የሰው ሽንት ይረጭብኛል፣ እሷ በሯን ዘግታ እርሳሷን ትቀርጻለች።

"ምን ትሠሪያለሽ ግን ሙሉ ቀን?" አልኳት አንድ ቀን፣ ሻይ ልጠጣ ወርጄ።

"አነባለሁ።"

"ለማንበብ ነው የሚከፈልሽ? እኔንም ያስቀጥረኝ እንጂ።"

"አንቺማ የስልክ ደብተር ተሰጥቶሽ አትጨርሺም" አለችና አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ተቀምጣ ብቻ አትውልም ነበር። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ያንን ወገቧን ይዛ ቤቱን ታስሳለች። ወረቀቱ የገንዳው ውሃ ይለካል ካለ፣ መለኪያው የተሰቀለበት ቦታ ድረስ ሄዳ ታየዋለች። በየሦስት ወሩ መመሪያ ውስጥ የተጻፈውን ስልክ ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ ትደውላለች። አንዴ የአስቸኳይ ነርስ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ላይ ስትደውል አንድ ሰውዬ አንስቶ "ስንት ሜትር ምንጣፍ ነው የፈለግሽው?" አላት። ቁጥሩ የምንጣፍ ሱቅ ሆኗል። ቤቱ ሁሉ ለሳምንት ሲስቅበት ሰነበተ፤ ሎሬይን ግን አልሳቀችም። "ሰው እየታነቀ ብንደውልስ?" ነው ያለችው።

ክፍሉን በያዘች በሦስተኛው ዓመት የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣች። ሳይናገሩ ነው የሚመጡት። ረጅም ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት፣ ኮሪደሩን አየች፣ ኩሽናውን አየች፣ አዛውንቱን አነጋገረች። በመጨረሻ ከደረጃው ሥር ገባች። የጠየቀችውን ወረቀት ሁሉ ሎሬይን ፈልጋ ለማውጣት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሴትዮዋ ካፖርቷን አውልቃ ተቀመጠችና ሻይ ጠጣች። በሎሬይን ማሞቂያ፣ በሎሬይን ስኒ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። እኔ በዚያው ሰዓት ሁለት ሰው አጥቤ አንዱን ሁለቴ ልብስ ቀይሬለታለሁ።

ሪፖርቱ ሲመጣ ሚስተር ክሌግ ሁላችንንም መመገቢያ አዳራሽ ሰብስቦ ጮክ ብሎ አነበበው። "መመሪያዎቹ ወቅታዊና በሥራ ላይ የሚውሉ ናቸው፤ ይህም የአንዲት ትጉህ ሠራተኛ ውጤት ነው" ይላል። አበባ ሰጣት። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ከሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቆ ነበርና አመመኝ። ስለሚያጥቡ እጆች ሪፖርቱ ውስጥ ያለው "ሠራተኞቹ ደግ ናቸው" የሚል ብቻ ነው። ደግ! እዚህ አገር ለሰው የሚባል ነገር ሲጠፋ ደግ ይባላል።

ሰዎች ምቀኛ አታሳጣኝ ብለው ይጸልያሉ። ሎሬይን ሳትጸልይ አግኝታለች፤ እኔ ነበርኩላት። ከዚያን ቀን በኋላ ሻይ ልጠጣ አልወረድኩም። ግንቡ ላይ ከሌሎች ጋር መቀመጥ ጀመርኩ። "ምነው ጠፋሽ?" ስትለኝ "ሥራ አለብኛ፣ እኔ እንዳንቺ ተቀምጬ አልበላ" አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ይህን ሳልደብቅ ነው የምናገረው፣ ደስ አለኝ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ለራሴ ማልኩ። የፈረቃ ኃላፊዎቹ አራት ነበርን፣ ለያንዳንዳችን ሎሬይን ስማችን የተጻፈበት ሰማያዊ ክላሴር አዘጋጅታልናለች። መመሪያ በተለወጠ ቁጥር አዲሱን ገጽ በየክላሴሩ ታስገባለች፣ የፊርማውን ወረቀት ይዛ ትመጣለች። እሷ የጻፈችውን አንድ መስመር ላላነብ ማልኩ። ወረቀቱን ስታቀርብልኝ ቆሜ እፈርማለሁ፣ ዓይኗን አላይም። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ፈረምኩላት።

አሁን ወደ ሚስስ ታተርሶል ልምጣ።

ሚስስ ታተርሶል ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ፒያኖ አስተማሪ። ከሁሉ የምትወደው ሻይ ነው፤ በቀን ስምንት ስኒ። ባለፈው መስከረም አንጎሏ ውስጥ ትንሽ ደም ፈሶ ሆስፒታል ተኛች፣ ስትመለስ መዋጥ አስቸገራት። እንዲህ ላለ ሰው ቀጭን ነገር ወደ ሳንባ ይገባበታል፤ ስለዚህ ሻዩም ውሃውም በዱቄት ይወፍራል። ምን ያህል ይወፍር የሚለውን ባለሙያዎች በቁጥር ይጽፉታል። ድሮ ቁጥሩ ከአንድ እስከ ሦስት ነበር። አንድ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ሁለት አጥሚት የሚያህል፣ ሦስት በማንኪያ የሚቆም። ከዚያ ዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር ይጠቀም ተባለና ተለወጠ። የድሮው አንድ አዲሱ ሁለት ሆነ፣ የድሮው ሁለት ሦስት ሆነ።

የድሮውን ቁጥር የሚያስረዳው ወረቀት የኔ ሥራ ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በገዛ እጄ፣ በአራት ቀለም፣ ስኒና ማንኪያ ስዬ ሠርቼ፣ ፕላስቲክ አስለብጬ፣ የሻይ ቁም ሳጥኑ በር ውስጥ ለጠፍኩት። ሃውቶርን ውስጥ የኔ የሚባል ነገር ያ ብቻ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ በሩን ከፍቼ በዚያ ነው የማስተምረው።

ቁጥሩ የተለወጠ ጊዜ፣ ሚስስ ታተርሶል ሳትታመም ገና በሚያዝያ፣ ሎሬይን ደረጃው ላይ አቆመችኝ።

"ጌይነር፣ የመጠጥ ማወፈሪያው መመሪያ ተለውጧል። ክላሴርሽ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።"

"እሺ። ወዴት ነው የምፈርመው?"

"ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ወረቀትሽ ደግሞ…"

"ምን ሆነ?"

"መነሳት አለበት። አሁን አይሠራም።"

ደሜ ፈላ። "እህ! አሥራ አራት ዓመት ሲሠራ ኖሮ ዛሬ አይሠራም? የኔ እጅ ስለነካው ነው አይደል? እዚህ ቤት ያንቺ ካልሆነ ወረቀት አይለጠፍም!"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ክፍልሽ ውስጥ ያለው አይበቃሽም? ግድግዳውንም ልትወርሺው ነው?"

ሎሬይን እርሳሷን ከጆሮዋ አውርዳ ትንሽ አሽከረከረችው። "በይ፣ ገጹን አንብቢውና ራስሽ አንሺው" አለች። "በእጅሽ የሠራሽው ነው፣ እኔ አልነካውም።"

ፈረምኩ። አላነበብኩም። ወረቀቱንም አላነሳሁም። በማግስቱ ደግሞ በሩን በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ወረቀቴን አሳመርኩት።

ሚስስ ታተርሶል ከሆስፒታል ይዛ የመጣችው ደብዳቤ "ሁለት" ይላል። እኔ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የኔን ሁለት አየሁና ሻዩን እንደ አጥሚት አወፈርኩት፣ ሌሎቹንም እንዲያ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ስኒውን በእጇ ጀርባ ገፋችው።

"ጠጪ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ሻይሽ ነው እኮ።"

"ይሄ ሻይ አይደለም" አለች።

በየቀኑ ገፋችው። እኔም የቀን መዝገቡ ላይ "መጠጥ እምቢ ብላለች፣ ግትር ሆናለች" ብዬ ጻፍኩ። በአሥረኛው ቀን ምላሷ ደርቆ ነበር፣ የገዛ ልጇን ሂላሪን "የኔ ልጅ፣ ምት ጠብቂ" እያለች እንደ ተማሪ ታርማት ጀመር። በአሥራ አንደኛው ቀን አምቡላንስ ወሰዳት። ሆስፒታል ያለችው ነርስ በስልክ ምን ያህል እንደምናወፍር ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። "ይሄ እኮ ሦስት ነው" አለችኝ።

ሚስስ ታተርሶል አልሞተችም። ግን ስትመለስ እስከ መስኮቱ የምትሄድበት እግር አልነበራትም፤ ጠረጴዛውን እንደ ፒያኖ መምታት የማይሰለቻቸው ጣቶቿም ቆሙ።

ስብሰባ ተጠራ። ሚስተር ክሌግ፣ እኔ፣ ሎሬይን፣ እና ከቤቱ ውጪ የመጣች የጉዳዩ መርማሪ። ሎሬይን የፊርማውን ክላሴር ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ለአሥራ ሦስት ዓመት ያስቀመጥኩት ፊርማ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው ነው።

"ቁጥሩ መለወጡን ታውቂ ነበር?" አለችኝ መርማሪዋ።

ሥራዬን ልነጠቅ እንደምችል አውቃለሁ። ከዚያም በላይ፣ ሎሬይን ፊት ጥፋተኛ መባል ሞት ሆነብኝ። ሌላ ሰው ፊት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እውነቱን እናገር ነበር።

"የነገረኝ የለም" አልኩ። "ወረቀቱ አልደረሰኝም።"

የሎሬይን አውራ ጣት ክላሴሩ ላይ ነበር፣ የፊርማዎቹ ገጽ መለያ ላይ። አየሁት። ትከፍተዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልከፈተችውም።

"አሮጌ ወረቀት ካለበት ለቅሞ ማውጣት የኔ ሥራ ነው" አለች ረጋ ብላ። "ቁም ሳጥኑ ላይ መኖሩን አውቅ ነበር። አላነሳሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

መርማሪዋ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ፊርማ የጠየቀ የለም። ሚስተር ክሌግ ቤቱ በጎ ስሙን እንዳያጣ ፈርቶ ሎሬይንን በወሩ መጨረሻ "በገዛ ፈቃዷ" አሰናበታት። አበባ አልነበረም። የውሃ ማፍያዋን በላስቲክ ይዛ፣ ወገቧን ደግፋ፣ በፊት ለፊት በር ወጣች። እኔ ደግሞ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ቀናሁባት። ስትባረር እንኳ ከኔ ትበልጣለች ብዬ ቀናሁ።

ሚስተር ክሌግ በሳምንቱ ጠራኝ። "ጌይነር፣ አንቺ ቤቱን ከማንም ይበልጥ ታውቂዋለሽ። ጉልበትሽም አላስቸገረሽም? ከደረጃው ሥር ግቢ።"

ገባሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ክንድ ማሳረፊያው ላይ ክንዴን አሳረፍኩ፣ ማሞቂያውን አበራሁ። አሥራ ስድስት ዓመት የተመኘሁት ይኸው። እግሬን ሞቀኝ፣ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ተሽረው በየክላሴሩ ኋላ የተቀመጡ አሮጌ ገጾችን አውጥቶ ማጥፋት ነበር። የሦስቱን ኃላፊዎች ክላሴር አየሁ፣ ጠርዙ የተጣጠፈ፣ የሻይ ጠብታ ያለበት፣ የተነበበ። የኔ ክላሴር ሲከፈት ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። አንዱን ላላቅቅ ስል ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየሁ፤ የሎሬይን ደቃቅ ጽሕፈት።

እጅ መታጠብ የሚለው መመሪያ ላይ፣ "ጌይነር፣ እዚህ ድረስ ካነበብሽ ውሃ ጥጃለሁ። ውረጂ።"

የመውደቅ አደጋ ላይ፣ "አንቺ ሰነፍ፣ ሽሪምፕ አለ። ዳቦ የለኝም።"

የመድኃኒት አሰጣጥ ላይ፣ "ዴሬክ ታሟል። ሐኪሙ ጊዜ የለውም አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው።"

ዴሬክ ባሏ ነው፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። እኔ ከሱቅ የተገዛ ካርድ ላይ ስሜን ጽፌ በበሯ ሥር አስገባሁና ሄድኩ። ለቀብሩ ፈረቃ አለብኝ አልኩ። ፈረቃ አልነበረብኝም።

የቅሬታ አቀራረብ ላይ፣ "በምን እንዳስቀየምኩሽ ብታመለክቺ፣ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ መልስ እሰጥ ነበር።" እዚህ ጋ ሳልወድ ሳቄ መጣ።

የመጨረሻው የመጠጥ ማወፈሪያው መመሪያ ነው። "ወረቀትሽን እኔ ላንሳው አልፈልግም። ስትስዪው አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር፣ ቀይ ቀለሙን ያቀበልኩሽ እኔ ነኝ። ቁጥሮቹ ግን ተለውጠዋል። እባክሽ፣ ሰው ይጎዳል።"

የሌሎቹን ክላሴር ገጽ በገጽ ገለበጥኩ። የእርሳስ ጽሑፍ የለም። ለኔ ብቻ ነበር የጻፈችው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀት ላይ ስትጠራኝ ኖራለች፤ አለማንበቤንም ለሻይ ባልወረድኩ ቁጥር አውቃዋለች። አፈርኩ። በሩን ቆልፌ ማሞቂያውን አጥፍቼ በብርድ ተቀመጥኩ።

ሎሬይን ከተሰናበተች ወዲህ በየማክሰኞው ሚስስ ታተርሶልን ልትጠይቅ ትመጣለች። በትክክል የወፈረውን ሻይ በማንኪያ፣ ቀስ እያለች ትሰጣታለች። ሚስስ ታተርሶል ለኔ አፏን አትከፍትም፣ ለሷ ትከፍታለች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ። ይሄም ያስቀናኛል። ከዚህ በሽታ ድኛለሁ የሚል ካለ እኔ አይደለሁም።

በዚያ ወር የክለሳ ቀኑ የደረሰው መመሪያ አንድ ነበር፤ ሰው በእጃችን ሲጎዳ እውነቱን ስለመናገር የሚለው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ለተጎዳው ሰውና ለቤተሰቡ የሆነውን ሳትደብቅ ንገር፣ ይቅርታ ጠይቅ፣ በጽሑፍም ስጥ ይላል። ግርጌው ላይ የእርሳስ ጽሑፍ ፈለግኩ። ባዶ ነበር።

ደብዳቤውን ለሂላሪ ጻፍኩ፣ ግልባጩን ለሚስተር ክሌግና ለመርማሪዋ። ከዚያ ሳልልከው ይዤው በባሕሩ ዳርቻ ነፋስ እየገፋኝ ሎሬይን ቤት ሄድኩ። አንድ ዳቦ ገዝቻለሁ።

በሩን ከፍታ አየችኝ። እርሳሱ ጆሮዋ ላይ ነው፣ ቤቷ ውስጥ እንኳ።

"ገጾቹን አነበብኩ" አልኩ።

"የቶቹን?"

"ሁሉንም።"

"የዴሬክንም?"

"የዴሬክንም።"

ዓይኗን ወደ ባሕሩ መለሰች። "ዘገየሽ" አለች።

"ዘገየሁ።"

"ግቢ፣ ቅዝቃዜ ታስገቢያለሽ።"

ደብዳቤውን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ታለቅሳለች፣ ወይ ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። እርሳሷን አወረደች።

"ቀን የለውም" አለች።

"ምን?"

"ደብዳቤሽ። የተጻፈበት ቀን የለውም።" ጻፈች። "እዚህ ጋ ደግሞ 'ለጥቂት ቀናት' ብለሻል። ስንት ቀን ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ በይ።" ሰርዛ ጻፈች። "'ስህተት ተፈጥሯል' ይላል። ማን ነው የፈጠረው?"

"ሎሬይን፣ እባክሽ…"

"ማን ነው ጌይነር?"

"እኔ።"

"እንግዲህ 'እኔ' በያ።" ሰርዛ እርሳሱን ሰጠችኝ፤ ያንን ራሴ ጻፍኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አልዋሽም። የገዛ ኑዛዜዬን እንኳ ከኔ አሳምራ ታውቀዋለች!

"ስትልኪው ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?" አለች።

"ከደረጃው ሥር እወጣለሁ። ከቤቱም ጭምር ይሆናል።"

"ይሆናል።"

"ያንቺ ስም ግን ይጸዳል።"

ሌላ ንጹሕ ወረቀት አምጥታ የታረመውን በእጄ እንድገለብጥ አደረገችኝ። ስጨርስ እስክሪብቶዬን ግርጌው ላይ አሳርፌ ልፈርም ስል እጄን ያዘችኝ።

"መጀመሪያ አንብቢው።"

"የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።"

"ቢሆንም አንብቢው። ጮክ ብለሽ፣ እስከ ታች ድረስ።"

አነበብኩላት። "አሥራ አንድ ቀን" የሚለው ላይ ቆምኩ፤ እስክቀጥል ጠበቀችኝ። ስጨርስ ራሷን ነቀነቀችና እጄን ለቀቀችው፣ ተነስታም ውሃ ጣደች። ያኔ ፈረምኩ።